ከቡራዩ እስከ መካ፦ ሩቁ መንገድ እንዴት አጠረ? ለማንስ አጠረ?

 

በአንድ የሐጅ ወቅት ቡራዩ ውስጥ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ወደ መካ ሲጓዙ ልንሸኛቸው ወጣን። ቤተሰብና ጎረቤት በሁለት ሚኒባስ ተሳፍረን በአስኮና በዊንጌት አድርገን ቦሌ እስክንደርስ በመንገዱ መጨናነቅ የተነሳ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀብን። እሳቸው ተሰናብተውን ገቡ፤ እኛም አውሮፕላኑ መነሳቱን አረጋግጠን ተመለስን። ማታ ቤታቸው ተሰብስበን ሻይ እየጠጣን ሳለ ስልክ ተደወለ። «ልጆቼ፣ ጅዳ ደርሰናል፤ አልሐምዱሊላህ!» አሉን። በቤቱ የነበሩ አንድ አዛውንት ሐጂ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አባቴ ሐጅ የሄዱ ጊዜ በሰላም መድረሳቸውን የሰማነው ራሳቸው ተመልሰው ሲነግሩን ነው» አሉ።

ይህች አንዲት ንግግር ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ሆነችን። ከእኛ እስከ መካ ያለው ርቀት ስንት ነው? የወራት መንገድ የነበረው እንዴት ከቡራዩ ቦሌ ከሚወስደው ጊዜ ብዙም ወደማይበልጥ በረራ ተለወጠ? ደግሞስ መንገዱ ያጠረው ለሁሉም ነውን? እነዚህን ጥያቄዎች በታሪክ መነጽር እንመለከታቸዋለን፤ ኢንሻአላህ።

መካ ከእኛ በየት በኩል ናት?

መካ ሲባል ወደ ምሥራቅ፣ ከባሕር ማዶ፣ እጅግ ርቃ የምትገኝ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን የቡራዩን መስጊዶች ልብ ብሎ ያየ ሰው ሰጋጁ የሚቆመው ወደ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ጋር ወደተያያዙት ከፍታዎች ዞሮ፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ መሆኑን ይገነዘባል። ምክንያቱም መካና አዲስ አበባ በምድር ካርታ ላይ በአንድ የኬንትሮስ መስመር አካባቢ የሚገኙ፣ በመካከላቸውም ወደ ምሥራቅ አንድ ዲግሪ ያህል ልዩነት ብቻ ያላቸው ከተሞች ናቸው። በቀጥታ መስመር ቢለካ ከቡራዩ እስከ መካ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ መቀሌ በመኪና መንገድ 783 ኪሎ ሜትር መሆኑን ስናስብ፣ መቀሌ ደርሶ የሚመለስ ሾፌር ከዚህ የበለጠ መንገድ ይነዳል ማለት ነው።

ቀይ ባሕርም ቢሆን በጠባቡ ክፍሉ በባብ ኤል መንደብ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ታዲያ አባቶቻችን መካን እንደዚያ ያራቋት ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ መንገዱን ከዚያ ወደዚህ የተጓዙትን ሰዎች ማስታወስ ይገባል።

«የሩቅ አገር» ሰዎች

እንደሚታወቀው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመካ መላካቸውን ባበሰሩ በአምስተኛው ዓመት፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ የቁረይሾች በደል የበረታባቸው ባልደረቦቻቸው ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መከሩ። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች 11 ወንዶችና 4 ሴቶች እንደነበሩ የሲራ ጸሐፊዎች ይዘግባሉ። ከእነሱም መካከል ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቅያ ይገኙበታል። ከሹዐይባ ወደብ በሁለት የነጋዴ ጀልባዎች ተሳፈሩ። ዋጋውም ለአንድ ሰው ግማሽ ዲናር እንደነበር ተዘግቧል። አሳዳጆቻቸው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ጀልባዎቹ ሄደዋል። ጅዳ የመካ ወደብ የሆነችው ከዚህ በኋላ፣ በሂጅራ 26ኛው ዓመት፣ እኒሁ ዑስማን ኸሊፋ በነበሩበት ዘመን ነው።

በሁለተኛው ስደት ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን ጨምሮ ከ80 በላይ ወንዶች ከነቤተሰቦቻቸው መጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እስከ ሂጅራ 7ኛው ዓመት ድረስ በሐበሻ ኖረው ነጃሺ ባዘጋጀላቸው ሁለት መርከቦች ወደ መዲና ተመለሱ። ከተመለሱት ሴቶች አንዷ የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ ናቸው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ፣ መዲና የተሰደዱት በስደት ይቀድማሉ የሚል ቃል ሲናገሯቸው አስማእ አዘኑ። እናንተ የራባችሁን ከሚያበሉ፣ የማያውቀውን ከሚመክሩ ነቢይ ጋር ነበራችሁ፤ እኛ ግን በሩቅ ባዕድ አገር ነበርን ሲሉ መለሱ። ጉዳዩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲቀርብም የመርከቡ ሰዎች ሁለት ስደት እንዳላቸው አረጋገጡላቸው።

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከመካ እስከ አክሱም በቀጥታ መስመር 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስማእ ግን አገራችንን «ሩቅ» ሲሉ የቆጠሩት ኪሎ ሜትር አልነበረም። ከወገን መለየቱን፣ ወሬ ሳይሰሙ ዓመታትን ማሳለፉን፣ ባሕሩ በመካከል መግባቱን ነው የቆጠሩት። ርቀት ማለት በሰውና በሚወደው መካከል የቆመው ነገር ሁሉ ነው። የሐጅ መንገዳችንም ታሪክ ይኸው በመካከል የቆመው ነገር እንዴት እየተለዋወጠ እንደመጣ የሚናገር ታሪክ ነው።

ደጋው፣ በረሃውና ባሕሩ

መኪናና ባቡር ባልነበረበት ዘመን ከመሐል አገር ደጋ የሚነሳ ሐጃጅ ሁለት ዋና አማራጮች ነበሩት። አንደኛው ወደ ሰሜን፣ በወሎና በትግራይ አድርጎ ወደ ምፅዋ መውረድ ነው። ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ታጁራ ወይም በሐረር በኩል ወደ ዘይላ መድረስ ነው። የዛሬው የመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ ምፅዋ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅፍለት በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ አንድም ቀን ሳያርፍ፣ የ60 ቀን መንገድ ማለት ነው። በዚህ ላይ የወንዝ ሙላት፣ የወባ ቆላ፣ ሽፍታና በየበሩ የሚጠይቀው የኬላ ቀረጥ ሲጨመርበት ጊዜው እጥፍ ቢሆን አያስገርምም።

ሌላም ችግር ነበር። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ሐጅ በ33 ዓመት ገደማ ክረምትና በጋውን ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ የአንዱ ትውልድ መንገድ ከሌላው ትውልድ መንገድ ጋር አንድ አልነበረም። ሐጅ ጥር ላይ ሲውል መንገደኛው በመኸር በደረቅ መንገድ ወርዶ ባሕሩ ዳር ይደርሳል፤ በዚያ ወቅት በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ነፋሱ ከደቡብ ስለሚነፍስ ጀልባውን ወደ ሰሜን ይገፋለታል። ሐጅ በነሐሴ ሲውል ግን ወንዞች በሞሉበት ክረምት መነሳት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርሰውን ቆላ በበጋው ግለት ማቋረጥ፣ ከዚያም ከሰሜን የሚነፍሰውን ነፋስ መጋፈጥ ግድ ይሆናል። የሰሜኑ የባሕሩ ክፍል ነፋስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው ከሰሜን ነው። በውኃው ውስጥ ያለው የኮራል ድንጋይ ጀልባ ስለሚሰብር መርከበኞች ቀን ቀን ዳርቻ ዳርቻውን ይዘው ይጓዛሉ፤ ማታ መልሕቅ ይጥላሉ።

ይህ ባሕር ልምድ ያላቸውንም አይምርም ነበር። ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከጅዳ ወደ የመን ሲሳፈር ነፋሱ ጀልባውን ወደ ማዶ፣ ወደ አፍሪካ ዳርቻ ወስዶት በሱዋኪን አካባቢ ጥሎታል። ይኸው ባሕር የሐጃጅና የነጋዴ ብቻ ሳይሆን የባሪያ ንግድም መንገድ እንደነበር፣ ከምፅዋና ከታጁራ በርካታ ወገኖቻችን በግዳጅ ተጭነው እንደተሻገሩ መርሳት አይገባም።

ወረርሽኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 በሐጅ ወቅት የተነሳው ኮሌራ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ከተዛመተ በኋላ መንግሥታት በሐጃጆች ላይ የጤና ቁጥጥር ጀመሩ። የኦቶማን መንግሥት በ1882 በየመን ዳርቻ በምትገኘው በካማራን ደሴት የለይቶ ማቆያ ጣቢያ ከፈተ። በባብ ኤል መንደብ በኩል ከደቡብ የሚመጡ የሐጅ መርከቦች እዚያ እየቆሙ መንገደኞቻቸው በማቆያው ቀናትን ያሳልፉ ነበር። ጅዳ የደረሰውም ቢሆን መካ ለመግባት 80 ኪሎ ሜትር ያህል በግመል ወይም በእግር ይቀረዋል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሐጃጅ ከቤቱ የሚወጣው እንደማይመለስ ሰው ሆኖ ነው። ዕዳውን ይከፍላል፣ አደራውን ይመልሳል፣ ኑዛዜውን ይናገራል፤ ጎረቤቱን ሁሉ «ዐፍው በሉኝ» ይላል። ይህ ልማድ ዛሬም አለ። ያን ጊዜ ግን የልብ ስንብት ነበር።

ያም ሆኖ ሄዱ

እንዲህም ሆኖ መንገዱ አልተቋረጠም። ዝነኛው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753-1825 እ.ኤ.አ.) የዘር ሐረጉን ሲተርክ፣ ሰባተኛ አያቱ በሂጅራ 10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጀበርት ምድር ተነስተው በባሕር ጅዳ፣ ከዚያም መካና መዲና፣ በመጨረሻም ካይሮ መድረሳቸውን ጽፏል። በአል-አዝሀር የጀበርቲዎች መኖሪያ የሆነው ሪዋቅ ኃላፊ ሆነውም አገልግለዋል። አንድ የሐጅና የዕውቀት ጉዞ ከሰባት ትውልድ በኋላ ለዓረቡ ዓለም ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ አፈራ ማለት ነው።

ከእኛም የባሰ ሩቅ የሚመጡ ነበሩ። ተክሩሪ የሚባሉት የምዕራብ አፍሪካ ሙስሊሞች በእግራቸው አህጉሩን እያቋረጡ፣ በየደረሱበት እየሠሩና እያስተማሩ፣ አንዳንዶቹም በጎንደርና በአክሱም በኩል ወደ ምፅዋ ይወርዱ ነበር። መተማ አካባቢ ሰፍረው የቀሩትም ዛሬ የምናውቃቸው ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ሐጅ የዓመታት፣ አንዳንዴም የዕድሜ ልክ ጉዞ ነበር።

ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ያስተዳደሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ የአገራቸው ሐጃጆች በእንግድነት እንዳይንገላቱ በመካ ማረፊያ ቤት አቋቁመውላቸው ነበር። ርቀትን የሚያሳጥረው እንስሳና ማሽን ብቻ እንዳልሆነ፣ መንገደኛውን የሚቀበል ቤትም እንደሚያሳጥረው ያወቁ መሪ ነበሩ።

ከባቡር ወደ አውሮፕላን

የመጀመሪያው ታላቅ ለውጥ የመጣው በባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይፈጃል። የወራት የነበረው የየብስ መንገድ በሦስት ቀን ተጠናቀቀ። ከጅቡቲ ጅዳ ግን ገና ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር ነበር።

በአምስቱ የጣሊያን ወረራ ዓመታት ወራሪው ሙስሊሙን ወደ ራሱ ለመሳብ ሲል የሐጅ ጉዞን አመቻችቶ፣ የሐጃጁም ቁጥር ጨምሮ ነበር። መንገዱን የከፈተው ለፖለቲካ ጥቅሙ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁንና ነገሩ አንድ እውነት ያሳየናል፦ በሐጃጁና በመካ መካከል ከቆሙት ነገሮች አንዱ መንግሥት ነው።

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያ በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታትም በሐጅ ወቅት ወደ ጅዳ ልዩ በረራ ጀመረ። አውሮፕላኖቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዕቃና ወታደር ሲያመላልሱ የነበሩ ባለሁለት ሞተር ሲ-47 ነበሩ። በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበሩ 1,400 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። የሚነሱትም ከልደታ ሜዳ ነበር። በ1955 ዓ.ም የጄት በረራ ሲጀመር ልደታ ለቦይንግ 720 ስለማይበቃ አዲሱ የቦሌ ማረፊያ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከቦሌ ጅዳ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከበረራው ማጠር የተነሳ ብዙ ወንድ ሐጃጆች ገና ከአዲስ አበባ ኢሕራማቸውን ለብሰው ሲሳፈሩ እናያለን።

ሰማዩም በር አለው

አየሩ ክፍት ነው ብለን ካሰብን ግን ተሳስተናል። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ስለነበር አውሮፕላኑ ቆሞ ሰው የሚቀርበት ጊዜ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ወደ መካ የሚወስደው ቀጥተኛ የሰማይ መስመር ተዘጋ። አውሮፕላኖቻችን የኤርትራን ሰማይ ትተው ዙሪያ ጥምጥም መብረር ነበረባቸው። ይህ የተለወጠው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም ክረምት ሁለቱ አገሮች ሲታረቁ ነው። ሙሃጂሮቹ በጀልባ ያቋረጡት ዳርቻ ለሃያ ዓመት ያህል ለአውሮፕላን ዝግ ነበር ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ከሳዑዲ ውጭ አንድም ሐጃጅ እንዲገባ አልተፈቀደም። በቀጣዩ ዓመትም 60,000 ሰው ብቻ፣ ያውም እዚያው ከሚኖሩት ተመርጦ ሐጅ አደረገ። በሁለት ሰዓት ተኩል የሚደረስባት ከተማ ከአባቶቻችን ዘመን ይልቅ ራቀች።

በመደበኛው ጊዜም ቢሆን ኮታ አለ። የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 በወሰነው መሠረት ለየአገሩ የሚደርሰው ከ1,000 ሙስሊም አንድ ሰው ነው። ዋጋውም አለ። ለቀን ሠራተኛ የሐጅ ወጪ የበርካታ ዓመታት ገቢ ነው። ቀድሞ ድሃው ጉልበቱን ስንቅ አድርጎ፣ በየመንደሩ እያደረ፣ ዓመትም ፈጅቶ ይደርስ ነበር። ዛሬ ግን በእግር ልሂድ ቢል የሚያሳልፈው ድንበር የለም። መንገዱ ለባለ ገንዘቡ በሰዓታት ሲያጥር ለድሃው ፈጽሞ ተዘግቷል።

ያው ባሕር፣ ሌላ ሰው

የተከበራችሁ አድማጮች፣ አሮጌው መንገድ ግን ባዶ አልሆነም። ዛሬም ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከትግራይ የሚነሱ ወጣቶች የአፋርን በረሃ በእግር አቋርጠው ጅቡቲ ኦቦክ ይደርሳሉ። ከዚያም በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር ያመራሉ። የእንጀራ ፍለጋ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም 260 ያህል ስደተኞችን የጫነ ጀልባ በየመን ዳርቻ ሰጥሞ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞተዋል፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት የደረሱበት አልታወቀም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም መጨረሻ በአብያን ዳርቻ በሰጠመው ጀልባ ከ60 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

እነዚህ ልጆች ሲሰጥሙ ከራሳቸው በላይ፣ በዚያው ሰማይ፣ ያንኑ ባሕር በደቂቃዎች የሚያቋርጥ አውሮፕላን አለ። ለእነሱ ባሕሩ ዛሬም አያቶቻችን የፈሩት ባሕር ነው። ስልክ የሚደውል ልጅ የጠፋባት እናትም እንደ ጥንቱ ወሬ ትጠብቃለች። ልዩነቱ፣ የጥንቷ እናት አንድ ቀን ተመልሶ የሚነግራት ሰው ተስፋ ነበራት።

የፊቅህ ሊቃውንት ሐጅ ግዴታ የሚሆንበትን ችሎታ ሲያብራሩ ስንቅና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የመንገድ ሰላምንም አብረው አስፍረዋል። መንገዱ የሚያጠፋው ከሆነ ግዴታው ከሰውየው ላይ ይነሳል። እንግዲህ ወደ አላህ ቤት ለሚደረግ ጉዞ እንኳ ነፍስን ለጥፋት መስጠት ካልተጠየቀ፣ ለደላላ ገንዘብ ከፍሎ ልጅን ለዚያ ባሕር መስጠት በምን ሚዛን ይለካል? ይህን ጥያቄ ለሚሰደደው ወጣት ብቻ ሳይሆን፣ ለመሄጃው ከብት ሸጠን ለምናዋጣው ለእኛም እናቀርባለን።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለን። በ2015 ዓ.ም የሸገር ከተማ አካል በሆነችው ቡራዩ፣ በሰበታም ሆነ በሱሉልታ ከየአገሩ መጥተው የሰፈሩ ብዙ አዛውንቶች አሉ። ከእነሱም መካከል ወላጆቻቸው በእግርና በጀልባ ሐጅ ያደረጉ፣ ወሬያቸውንም ከአንደበታቸው የሰሙ ይገኛሉ። በየት አለፉ? የት አደሩ? ማን ተቀበላቸው? ማንን በመንገድ ቀበሩ? ይህ በመጽሐፍ ያልሰፈረ ታሪክ ነው፤ ባለቤቶቹም በየዓመቱ እየተለዩን ነው። በእጃችሁ ባለው ስልክ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ጻፉትም።

ያን ዕለት ማታ ሻይ የጠጣንባቸው አዛውንት ሐጂ አባታቸው ከመንገድ ሲመለሱ የነበረውን ሁኔታ ሲያጫውቱን እንዲህ አሉ፦ «ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያኳኩ እናቴ ድምፃቸውን ሰምታ አላመነችም። ሦስት ጊዜ ስማቸውን ጠየቀቻቸው።» እንግዲህ ለእኛ አንድ የስልክ ጥሪ የሆነው ለእሳቸው ያ ደጃፍ ነበር።

ለዛሬ ያልነው ይህን ነበር። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ አላህ ተጓዦቻችንን በሰላም ያድርስ፣ በሰላምም ይመልስልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።